ያልገጠመው የባትሪ ቀለበት

ጀማሉ በሞተ በሦስተኛው ቀን የሱዳኑ የገዳሪፍ ፖሊስ ስደተኛውን መቶ አለቃ አስናቀውን ያስጠራው ገዳይ እንዲፈልግለት አልነበረም። ገዳዩ፣ በፖሊስ አስተያየት፣ ተገኝቶ ታስሯል። ከአስናቀው የተፈለገው ፊርማ ብቻ ነበር።

«ይቺ ናት» አለ የጣቢያው አዛዥ ነቂብ ኸሊል፣ ወረቀቷን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ እየገፋ። ነቂቡ ጋላባት ድንበር ላይ አሥር ዓመት ስላገለገለ አማርኛ እንደ ነገሩ ይናገራል። «የመኪናው መብራት የጠፋው በመብራት ሠራተኛው፣ በከህረባጂው በያዕቁብ መጥፎ ሥራ ነው ትላለች። አንተ የመኪና ኤሌክትሪክ ዐዋቂ ነህ። ፈርም፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ ሻይ እንጠጣ።»

«መኪናውን ሳላየው?»

«ምኑን ታያለህ? ሀቡብ መጣ፣ አቧራው ቀኑን አጨለመው፣ መብራት አልበራም፣ ሰውየው ኾር ውስጥ ገባ። ደግሞስ በሻይ ቤት የተናገርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ‹ያዕቁብ የነካው መብራት አንድ ቀን ሰው ይገድላል› ብለሃል። አራት ምስክር አለኝ።»

አስናቀው ማለቱን አልካደም። ብሏል፤ ሲልም ሰው ስቆለታል። ጎንደር ላይ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበር፤ ደርግን ሸሽቶ ከተሻገረ ወዲህ ገዳሪፍ ገበያ ዳር የሎሪ ሽቦ እየጠገነ ይኖራል። በእሱ እምነት በዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንደኛው እሱ ራሱ፣ ሁለተኛው ሽቦ ቀጣይ። ያዕቁብ ሁለት ዓመት ከእሱ ዘንድ ተምሮ ከመንገዱ ማዶ የራሱን የሣር ዳስ፣ ራኩባ የዘረጋ ቀን ደግሞ ከሽቦ ቀጣዮችም የመጨረሻው ሆነ።

ሟቹም ቢሆን የሚታዘንለት ሰው አልነበረም። ዘመኑ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው፤ ከጎንደርና ከትግራይ የሚመጣው ሕዝብ አጥንቱ እየተቆጠረ ድንበሩን ይሻገራል፣ ከተሻገረውም ግማሹ ከድንኳኑ ሳይደርስ ይቀራል። ጀማሉ፣ የአራት ሎሪ ባለቤት፣ በዚያው መንገድ ላይ ሁለት ሰው ብቻ በምትይዝ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ በሆነ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ይንፈላሰስ ነበር። አንድ እንግሊዛዊ የእርሻ ሹም አገሩ ሲገባ ጥሎለት የሄደ ነው። አረንጓዴና ከመሬት የማትነሣ ስለሆነች ገዳሪፍ «እንቁራሪቷ» ይላታል። የግራውን ፍሬቻ ሲያበራ የቀኙ የፊት መብራት ትጠቅስ ነበርና ሕፃን ሽማግሌው ይስቅበታል። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ታላቅ ሀቡብ ተነሥቶ ምድሩን አጨለመው። አቧራው ሲሰክን ወደ ቁረይሻ ለአረም የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች እንቁራሪቷን ከዶካ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኾር፣ በደረቁ የወንዝ ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተክላ፣ ጀማሉን ከመሪው ላይ ተደፍቶ አገኙት።

«ነገ ዶካ ሄጄ አየዋለሁ» አለ አስናቀው ብዕሩን መልሶ እያስቀመጠ።

«ሰውየው ቅዳሜ ወደ ከሰላ ወህኒ ይጫናል። ከዚያ በፊት ወረቀቷ መፈረም አለባት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አስናቀው ለያዕቁብ አዝኖ አልነበረም የዘገየው፤ ባላየው ነገር ላይ ስሙን ማስቀመጥ ስለሚጠየፍ ነው።

ከግቢው በር ላይ የያዕቁብ ሚስት ራሒማ የምግብ ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ ቁጭ ብላለች። ሲያልፍ ከመሬት ሳትነሣ ቀና አለች።

«መቶ አለቃ» አለችው። «በምላስህ አሰርከው።»

አስናቀው ተመልሶ ገብቶ ያዕቁብን አስወጡልኝ አለ።

ያዕቁብ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ጣቶቹ በባትሪ አሲድ የተበሉ ሰው ነው። አስናቀውን ሲያይ ከግድግዳው አልተላቀቀም።

«ልትስቅብኝ መጣህ?»

«የሠራኸውን ንገረኝ። ከመጀመሪያው።»

«ቅዳሜ ነው ያመጣልኝ። አንዱ መብራት ሲበራ ሌላው ይጠቅሳል። መላው ከተማ ሳቀበት እንጂ ምክንያቱን የጠየቀ የለም። የመብራቱ ጥቁር ሽቦ ከመኪናው አካል የሚታሰርበት ቦታ ዝጎ ነበር። ኤሌክትሪኩ መውጫ ሲያጣ በጎረቤቱ መብራት በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚጠቅሰው። ዝገቱን ፍቄ፣ አጥብቄ አሰርኩት። መጋጠሚያዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣሁ አጸዳሁ።»

«ባትሪውንስ?»

«ባትሪውን ማንም አይነካውም፤ ከእሱ በቀር። ሲመጣም ራሱ አወጣው፣ ሲሄድም ራሱ አስገባው።»

አስናቀው ያንን ልማድ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ባትሪ ከበሬ ይልቅ ይሰረቃል፤ የሎሪ ሾፌር ሁሉ ባደረበት ባትሪውን ነቅሎ ተንተርሶት ይተኛል። ጀማሉ ደግሞ ሻይ ለመጠጣት እንኳ ሲወርድ ከወንበሩ ኋላ አውጥቶ እንደ ሕፃን አቅፎት ይገባል።

«መብራቱ በርቶ ነበር?»

«አብርቼ አሳይቼዋለሁ። እኩል፣ ሳይርገበገብ።» ያዕቁብ ጨመረ። «አንተ ያስተማርከኝ ነው እኮ። ስትሳደብ ነበር እንጂ አስተምረኸኛል።»

የጀማሉ ሚስት ባሕሪያ በሐዘን ቤቷ ከመጋረጃ ኋላ ሆና አነጋገረችው። ድምጿ ውስጥ ከሐዘኑ ይልቅ ድካም ይበዛል።

«ዶካ ምን ሊሠራ ሄደ?»

«እሑድ ከሰዓት በመሐረብ ዱራ ማሽላ ቋጥሮ መጣ። ፈትቶ አሳየኝ፤ ግማሹ አሸዋ ነው። ከረሃብተኞቹ ሰፈር ያመጣው ነው፤ በእሱ ሎሪ የተጫነው የእርዳታ ዱራ። ‹በእኔ ሎሪ! ስሜ በተጻፈበት ሎሪ!› እያለ እንደ እብድ ሲመላለስ ዋለ።»

«ለሰዎቹ አዝኖ ነዋ።»

«ወላሂ አይደለም» አለች ባሕሪያ፤ በመጋረጃው ውስጥ የሳቀች መሰለ። «እሱ ለማን አዝኖ ያውቃል? ስሙ ነው ያንገበገበው። በነጋታው ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ አዲሱን ሬዲዮን ጎረቤት እስኪሰለች ከፍቶ ወጣ።»

«አዲሱን?»

«የፊተኛውን አብዱልሰላም አቃጠለበት። የወንድሙ ልጅ። ያንን እሱን ጠይቀው።»

ሐሙስ ጠዋት ነቂብ ኸሊል እያጉረመረመ አስናቀውን፣ ያዕቁብንና አብዱልሰላምን በፖሊስ መኪና ጭኖ ዶካ ደረሰ። ራሒማም ማንም ሳይፈቅድላት ሳህኗን ይዛ ከኋላ ተሳፍራለች። እንቁራሪቷ ከኾሩ ተጎትታ ከእርዳታው እህል ማከማቻ፣ ከመኽዘኑ ግቢ ቆማ ነበር። አፍንጫዋ ተጨማዶ፣ በአቧራ ተቀብራ ስትታይ ያ ሁሉ ኩራት የተጫነባት እቃ አትመስልም።

አስናቀው ከከረጢቱ የሙከራ አምፖሉን፣ ፒንሳና ካቻቢቴውን አወጣ። የሙከራ አምፖል ማለት ሁለት ሽቦ የወጣላት ትንሽ አምፖል ናት፤ ኤሌክትሪክ ካለበት ስትነካ ትበራለች። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከባትሪው ጀመረ። አምፖሏ በራች፤ ባትሪው ሕያው ነው። ከመብራት ማብሪያው ላይ ነካ፤ በራች። ኮፋኖውን በግድ ከፍቶ ወደ ፊት ሄደ። የፊት ሽቦዎች የሚገናኙባቸው ስድስት መጋጠሚያዎች አሉ። አራቱ በጣት ቢስቧቸው የማይነቃነቁ ናቸው። ሁለቱ ተነቅለው ተንጠልጥለዋል፤ እነሱም የሁለቱ ዋና መብራቶች ናቸው።

«ይኸው» አለ ነቂቡ። «መጥፎ ሥራ።»

አስናቀው ሁለቱን መልሶ ገጠመና ማብሪያውን ሳበ። ሁለቱም መብራቶች በፀሐይ ብርሃን ውስጥ እኩል በሩ። ፍሬቻውን ሞከረ፤ የግራው ብቻውን ጠቀሰ። የጥቁሩን ሽቦ እስር አየ፤ ተፍቆ እንደ አዲስ ብር ያበራል። እንከን ፈለገ። መላ ሕይወቱን በሰው ሥራ ላይ እንከን ሲያገኝ የኖረ ሰው ነው፤ እዚህ ግን አላገኘም፣ ይህም አናደደው።

ከዚያ ከወንበሩ ኋላ ያለውን የባትሪ ክዳን ከፈተ፤ እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከባትሪው ሁለት ራሶች ወፍራሙን የያዘው ቀለበት ጠብቦት በካቻቢቴ ተፈልቅቆ እንዲገባ ተደርጓል። ቀጭኑን የያዘው ሌላው ቀለበት ደግሞ ሰፍቶት፣ እንዳይወዛወዝ በመሐሉ ጠፍጣፋ እርሳስ ተሸጉጦበታል። አስናቀው እርሳሱን በፒንሳ አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። በድንጋይ የተቀጠቀጠ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን የማኅተም ግማሽ ቀርቷል። ከኪሱ ከተተው። ሬዲዮኑን ከፈተ፤ ድምፅ አልሰጠም። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ፤ የተቃጠለ ሽታ አለው።

«አብዱልሰላምን ጥራልኝ» አለ።

አብዱልሰላም የጀማሉ የሎሪዎቹ አለቃ ነው። ሃያ አምስት ዓመቱ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዐይኑ ግን የሰውን ዐይን የማይደፍር። የአጎቱን ሬሳ ያጠበው እሱ ነው።

«ቁስሉ የት ነበር?»

«እዚህ» አለ የራሱን ማጅራት ከፍ ብሎ እየዳሰሰ። «ከኋላ። ጸጉሩ ውስጥ የዱራ ገለባ ነበረበት። ኾሩ ውስጥ ሲወድቅ ይሆናል ብዬ…»

«ኾሩ ውስጥ ዱራ ይበቅላል?»

አብዱልሰላም ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ሬዲዮኑን እንዴት አቃጠልከው?»

ልጁ አንገቱ ድረስ ቀላ። «አምና ነው። ባትሪውን አስገባ አለኝ፤ እንደ ሎሪ አሰርኩት። ጢስ ወጣ። ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መታኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ያንን መኪና አልነካም። ወርቅ ቢሰጡኝ አልነካም።»

«ሰኞ የት ነበርክ?»

«ከሎሪዬ ጋር። እዚሁ ዶካ፣ ገበያው ጋ። ሀቡቡ ሲመጣ ከሥሯ ተኛሁ። ያየኝ ሰው የለም፤ በሀቡብ ማን ማንን ያያል?»

ነቂቡ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ የሎሪው ወራሽ አጎቱን ከገደለ ወረቀቷን መለወጥ ይቻላል። አስናቀው ግን የመኽዘኑን ጠባቂ ፍለጋ ሄደ።

አቶ ታምሬ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ ነጠላቸው የነጣ፣ ከመቁጠሪያቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። ከሾዋክ የእርዳታ ማዕከል የታሸገ ዱራ ጭነው የሚመጡ ሎሪዎች እሳቸው ግቢ አድረው በማግሥቱ ወደ ረሃብተኞቹ ሰፈር ያልፋሉ። የሰፈሩ እናቶች ትከሻቸውን ይስማሉ። ሰው ሲናገራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ አስናቀው አንገቱን የሚያዘነብል ሰው አይወድም።

«ጀማሉ ሰኞ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር፣ ነፍሱን ይማር። ስለ ሎሪዎቹ ተራ ጠየቀኝ፣ ውሃ ጠጣ። ሀቡቡ ሳይነሣ ሄደ።»

«ሲሄድ አዩት?»

«በዐይኔ። ባትሪውን ራሱ አስገባ፣ አስነሣ። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ዘፈን እያሰማ፣ እጁን እያውለበለበልኝ ወጣ። ምስኪን፤ ወደ ሞቱ እየዘፈነ ሄደ። እግዚአብሔር የወደደውን ያደርጋል።»

«መኪና ያውቃሉ?»

«በወጣትነቴ የሎሪ ረዳት ነበርኩ። ከመተማ ጎንደር ስምንት ዓመት። ምን ልታዘዝ?»

«በኋላ እጠራዎታለሁ» አለ አስናቀው። ትሕትናው አስጠላው።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ነቂቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ያዕቁብ በካቴና፣ ራሒማ ከጎኑ፣ አብዱልሰላም ከሎሪው ጥላ ሥር፣ አቶ ታምሬ ከመኽዘኑ ደጃፍ፣ ከረጢት ተሸካሚዎቹ በግንቡ ላይ። የእንቁራሪቷ ባትሪ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«መጀመሪያ መኪናዋን ማስነሣት አለብኝ» አለ አስናቀው። «ወገቤን አሞኛል። አብዱልሰላም፣ ባትሪውን አስገባልኝ።»

አብዱልሰላም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ አልነካውም። አሰሩኝ ከፈለጋችሁ።»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ።

«እኔ አለሁ፣ መቶ አለቃ» አሉ አቶ ታምሬ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየጣሉ። ለመርዳት የማይቸኩሉበት ጊዜ የለም። ባትሪውን አንሥተው ከወንበሩ ኋላ አስቀመጡ፤ ሳያመነቱ፣ ሎሪ ላይ ስምንት ዓመት እንዳደረጉት፣ ኔጌቲቩን ከመኪናው አካል በሚመጣው ገመድ ላይ ሊያስሩ ያዙ። ቀለበቱ ሰፋ። ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። «ይቺ ቆሻሻ መኪና፣ አንዱም ነገሯ አይገጥምም» አሉና እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ከዚያ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

«ያውጡት» አለ አስናቀው በቀስታ። «የሚሸጎጥበትን ያውጡት እንጂ።»

«ምኑን?»

«በቃ ይተዉት። ያዕቁብ፣ አንተ አስገባው።»

ነቂቡ ካቴናውን ፈታለት። ያዕቁብ ባትሪውን አየት አድርጎ ዞር አደረገው፤ ወፍራሙን ራስ ከአካሉ ገመድ፣ ቀጭኑን ከሌላው ገጠመ። ሁለቱም ቀለበቶች ከቦታቸው ተቀመጡ። የጠበበውን መፈልቀቅ፣ የሰፋውን መሸጎጥ አላስፈለገውም።

አስናቀው ወደ ነቂቡ ዞረ።

«እዚህ አገር የሚነዱት ሎሪዎች ሁሉ ከአካላቸው ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቩ ነው። እንግሊዞች ግን ድሮ አንዳንዶቹን ገልብጠው ሠርተዋል፤ ይቺ ከእነሱ አንዷ ናት፣ ፖዘቲቩ፣ ወፍራሙ ራስ፣ ነው ከአካሏ የሚታሰረው። ገልብጠው ቢያስሩትም ትነሣለች፣ መብራቷም ይበራል፤ ሬዲዮኗ ግን በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ዛሬ ጠዋት ባትሪዋን ሳየው ተገልብጦ ታስሮ ነበር። ጀማሉ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ያስገባው ባትሪ ነው፤ አይሳሳተውም። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ባትሪውን ያስገባው ጀማሉ አይደለም። ባትሪውን ሰው ያስገባለት ደግሞ እሱ ስለማይችል ነው። ሞቶ ነበር።»

ተሸካሚዎቹ ከግንቡ ላይ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ቁስሉ ከኋላ ነው፤ መኪናዋ የወደቀችው በአፍንጫዋ ነው። ጸጉሩ ውስጥ ገለባ ነበረበት። ዱራ ባለበት ቦታ ተመትቶ፣ በሀቡቡ ጨለማ ተጭኖ ሄዶ ኾር ውስጥ ተገፋ። ገዳዩ የእንቁራሪቷን መብራት ወሬ ያውቃልና ሁለቱን ሽቦ ነቀለ። መውደቁ ቢሆን ኖሮ ያገኘውን ይነቅል ነበር፤ ከስድስት ሁለቱን መርጦ አይነቅልም።»

«ማን?» አለ ነቂቡ፤ ብዕሩን ሳያስበው ይዞት ነበር።

«ባትሪ ማሰር የሚችሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። ያዕቁብ ይቺን መኪና ያውቃታል፤ አሁን አየኸው። አብዱልሰላም አምና ይህንኑ ስሕተት ሠርቶ በገበያ መሐል ተመቷል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ እሱንም አሁን አየኸው። የቀሩት አቶ ታምሬ ናቸው። ጀማሉ ሬዲዮን እያሰማ ሄደ ብለውኛል። ከዚህ ግቢ የወጣችው ግን ሬዲዮኗ የተቃጠለ መኪና ናት።»

«ይህን የሎሪ ረዳት ሁሉ ያደርገዋል» አሉ አቶ ታምሬ፤ አንገታቸው አሁን ቀጥ ብሏል። «በመንገድ ሌላ ሰው አስቁሞት ይሆናል። እኔ ምን አገባኝ?»

«ይሆናል። ይህን ግን ከየት አመጣው?» አስናቀው ጠፍጣፋውን እርሳስ አወጣ። «የሾዋክ ማኅተም ነው። በዱራ ሎሪ ሸራ ላይ የሚታሸገው እርሳስ። ደንቡ ምን ይላል፣ አብዱልሰላም?»

«የሚቆረጠው ሰፈሩ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ኮሚቴው ፊት። እርሳሱ ተመልሶ ሾዋክ ይሄዳል። እዚህ አይፈታም።»

«እዚህ ግን ተፈትቷል። ዱራው ይወጣል፣ አሸዋ ይገባል፣ እርሳሱ ቀልጦ እንደገና ይታሸጋል። ጀማሉ የደረሰው በዚህ ላይ ነው። ነቂብ፣ ኪሳቸውን።»

ኪሳቸው ውስጥ ከመቁጠሪያው ጋር ሰባት የተቆረጡ የእርሳስ ማኅተሞች ተገኙ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ልጁን ከሳምንት በፊት ሰፈሩ ውስጥ የቀበረ ሰው፣ ከግንቡ ወርዶ ቀረብ ብሎ አየ። ትኩር ብሎ ማኅተሞቹን ቆጠራቸው።

አልጠግብ ባይ ሲተፋ ያድራል ይባላል፤ አቶ ታምሬ ግን በቀን ተፉት።

«እሱስ?» አሉ። «እሱስ ለረሃብተኛ አስቦ ነው? ስሜ ተበላሸ እያለ ነው የጮኸብኝ! ለጀላቢያው ነው ያሰበው!»

«አውቃለሁ» አለ አስናቀው። «ግብዝ ነበር። ግን አሸዋ አላበላቸውም። አንተ እናቶቹ ትከሻህን እየሳሙህ አበላሃቸው።» አንቱታው በዚያው ቀረ። «የገደልከውስ ይሁን። ቀለበቱ አልገጥም ሲልህ ቆም ብለህ ለምን አይገጥምም ብትል ኖሮ ማንም አያገኝህም ነበር። ቆሻሻ መኪና ናት አልክና አለፍከው።»

ይህን ሲናገር የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ደስ አላለውም። ቆሻሻ ብሎ ማለፍን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ታምሬን አስረው ወሰዱት። ነቂብ ኸሊል ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ያዕቁብን «ማሌሽ» አለው፣ በዚች ይቅርታም ዕዳውን የከፈለ መሰለው። አስናቀው ዕቃውን እየሰበሰበ ቆየ። ያዕቁብ የእጁን አንጓ እያሸ መጣ።

«መብራቱን አብርተህ አየኸው?»

«አየሁት።»

«እንዴት ነበር?»

አስናቀው ካቻቢቴውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። «በርቷል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«…ጥሩ ሥራ ነው።»

«እኔን ምን ይጠቅመኛል?» አለ ያዕቁብ። «ያንን ቃል የተናገርከው ለእኔ አይደለም። ሻይ ቤት ነው። አሁንም እዚያው ሂድና ተናገር።»

ራሒማ ሳህኗን ፈትታ ለባሏ እያቀረበች ነበር። ወደ አስናቀው አላየችም።

አርብ ከሰዓት ሻይ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር፤ ሾፌሮች ዶሚኖ ይጫወታሉ። አስናቀው ከመግቢያው ላይ ቆመ፤ ሳይቀመጥ። ሁሉም ቀና ብለው ያንን የተለመደ ስድብ ጠበቁ።

«ያዕቁብ የሠራውን መብራት ፈትሼዋለሁ» አለ። «እንከን የለውም። የተናገርኩት ውሸት ነበር፤ በዚያ ውሸት ሰው ሦስት ቀን ታስሯል።»

ማንም አልሳቀም። የዶሚኖ ድንጋይ በእጁ የያዘ አንድ ሽማግሌ ሾፌር ቀስ ብሎ ጠየቀው።

«እንግዲያው የእኔን ሎሪ መብራት ለማን ልስጥ? ነገ ላመጣልህ ነበር።»

አስናቀው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ራኩባ አየ። ያዕቁብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሽቦ እየላጠ ነበር።

«ለእሱ ስጠው» አለ። «ከእኔ ይሻላል።»